አጥንት ወይ ስጋ ላይ ዕጢ ሲገኝ ኤምአርአይ ምኑን ነው የሚያየው?

የምሰራው ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካሉት የምርመራ ማዕከሎች ባንዱ ነው፣ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሱት ልጆች አንዱ ነኝ። ታካሚው ከአልጋው ወርዶ ጫማውን ሲያስር ወይ ውጪ ወንበር ላይ ስትጠብቅ የቆየችው እህቱ ብድግ ስትል የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፣ "ዶክተር፣ ካንሰር ነው አይደለም? እሷን ብቻ ንገረኝ።" እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው፣ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ሆዴን ይበላዋል።

በቅርቡ አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፣ ከቀኝ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ጭኑ አብጧል። ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ተብሎ ሁለት ወር ሙሉ ታሽቷል፣ ከዛ ህመሙ ማታ ማታ እንቅልፍ ሲነሳው ራጅ ተነሳ፣ ራጁን ያየው ሐኪም ወደኛ ላከው። እናትየው የራጁን ትልቅ ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው "ቁርጡን ኤምአርአይ ይነግራችኋል ብለውናል" አሉኝ። ይሄን እንድጽፍ ያደረገችኝ ይቺ "ቁርጡን" የምትል ቃል ናት። ኤምአርአይ ለዕጢ ምርመራ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚያስተማምነው ግን ወሰን ሲለካ ነው። ዕጢው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ በመንገዱ ላይ ምን ምን እንደነካ። ስሙን ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ምርመራ ስራ ነው። ይሄ ቀድሞ የገባው ቤተሰብ ቀጣዩ ሐኪም ጋር ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ይለያል።

ዕጢ ማለት ካንሰር ማለት ነው እንዴ?

አይደለም። ባማርኛ እኮ "ዕጢ" ብዙ ነገር ነው፣ አንገት ላይ የሚያብጠውም ንፍፊት ዕጢ ይባላል፣ ጤነኛው የታይሮይድ ዕጢም ዕጢ ነው። እዚህ ላይ ግን የማወራው ያለቦታው ስላደገ ነገር ነው። እሱም ሁለት አይነት ነው፣ ባለበት ቦታ የሚቀመጥና ወደ ሌላ አካል የማይሰራጭ አለ፣ አጠገቡ ያለውን እየወረረ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ የሚበቅል አለ። ካንሰር የሚባለው ሁለተኛው ነው። ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከጮማ፣ ከጅማት፣ ከደም ስር ከመሳሰሉት የሚነሳው ካንሰር ሳርኮማ ይባላል፣ ብርቅ በሽታ ነው፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው ካንሰር ሁሉ 1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስጋ ውስጥ የሚወጣ እብጠት ደግሞ እጅግ አብዛኛው ካንሰር ያልሆነው ነው፣ በግምት 100 ጉዳት የሌላቸው ባሉበት አንድ ሳርኮማ እንደማለት። ችግሩ ያቺ አንዷ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስላ መምጣቷ ነው።

አጥንት ላይ ደግሞ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ልጆችና ወጣቶች ላይ ኦስቲዮሳርኮማና ዩዊንግ ሳርኮማ የሚባሉት ይታሰባሉ፣ ኦስቲዮሳርኮማ በተለይ ጉልበት አካባቢ ይወዳል ምክንያቱም የልጅ አጥንት በጣም የሚያድገው እዛ ጋ ነው። ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ አጥንቱ ጫፍ ላይ መገጣጠሚያው ስር የሚወጣ ጃይንት ሴል የሚባል አለ፣ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ባይሆንም አጥንቱን ይበላል። ከ40 በላይ የሆነ ሰው ላይ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ከሌላ አካል፣ ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ወይም ደግሞ ከመቅኔ የሚነሳው ማየሎማ ነው። ስለዚ ሐኪሙ ዕድሜያችሁን ሲጠይቅ ለካርድ ማሟያ ብቻ አይደለም።

ማሽኑ እንዴት ነው የሚሰራው? ጨረር አለው ወይ?

ራጅና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙት አይነት ጨረር የለውም። ኤምአርአይ ሦስት ነገር ነው፣ ማግኔት፣ ሬዲዮና ኮምፒውተር። ሰውነታችን በውሃና በስብ የተሞላ ነው፣ ውሃም ስብም ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ፣ እያንዳንዷ የሃይድሮጅን እምብርት እንደ ትንሽዬ የኮምፓስ ቀስት ናት። ውጪ ስንሄድ እነዚህ ቀስቶች እንደ መርካቶ ሰው ሁሉም ወደየራሱ ነው፣ ማሽኑ ውስጥ ስንገባ ግን ማግኔቱ ያሰልፋቸዋል። የተለመደው ማሽን ጉልበቱ 1.5 ቴስላ ነው፣ ይሄም የኮምፓስን ቀስት ወደ ሰሜን ከሚያዞረው ከመሬት ማግኔት ከ30,000 እጥፍ በላይ ነው።

ከዛ ማሽኑ ሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። እውነተኛ ሬዲዮ ነው፣ 1.5 ቴስላ ላይ ሞገዱ 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ቤታችሁ ያለው ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ነው፣ ሸገር 102.1 ላይ እንዳለ ማለት ነው፣ ጎረቤት ናቸው። የማሽኑ ክፍል ግድግዳው በሙሉ በመዳብ የተሸፈነውም ለዚህ ነው፣ የውጪ ሬዲዮ ገብቶ ምስሉን እንዳያበላሽ። ሞገዱ የተሰለፉትን ቀስቶች ገፋ ያደርጋቸዋል፣ ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ሲመለሱ እነሱም በተራቸው ደካማ ሬዲዮ ይለቃሉ፣ እግራችሁ ወይ ትከሻችሁ ላይ የምናስረው ጠፍጣፋ ነገር ያንን የሚያዳምጥ አንቴና ነው።

ዋናው ነገር አሁን ነው የሚመጣው፣ ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይመለስም። ስብ ውስጥ ያለው ቶሎ ይመለሳል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ይዘገያል፣ ጡንቻ መሃል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከአይጥ የወጣ ዕጢ ከጤነኛው ስጋ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ አሳየ፣ በ1973 ፖል ላውተርበር ይሄን ድምፅ ወደ ምስል የመቀየሪያውን መንገድ አሳተመ፣ እሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ኖቤል ተሸለሙበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ የዚህ ማሽን ነገር ከዕጢ ጋር የተያያዘ ነው።

ፊልሙ ላይ ነጭና ጥቁሩ ምንድነው?

አንድ ሉካንዳ ቤት ሄዳችሁ የተሰቀለውን ስጋ አስቡት። ቀዩ ሙዳ አለ፣ ነጩ ጮማ አለ፣ ቅልጥሙ አለ፣ ቅልጥሙ ውስጥ መቅኔው አለ፣ ጅማቱ አለ። ራጅ ከነዚህ ውስጥ በደንብ የሚያየው ጠንካራውን አጥንት ነው፣ ሙዳውና ጅማቱ ለሱ አንድ አይነት ግራጫ ናቸው። ኤምአርአይ ግን ሁሉንም ለየብቻ ያያቸዋል።

ያው ቦታ በተለያየ መንገድ ደጋግሞ ይነሳል፣ ሰው "ለምን ይሄን ያህል ፊልም?" የሚለውም ለዚህ ነው። ሁለቱን ብቻ ካወቃችሁ ይበቃል። ቲ ዋን በሚባለው ምስል ላይ ስብ ነጭ ነው፣ ውሃ ጥቁር ነው። ቲ ቱ ላይ ውሃ ነጭ ይሆናል፣ በዛ ላይ ስቡን የሚያጠፋ ዘዴ ሲጨመርበት ስቡ ይጠቁርና ውሃ ያለበት ነገር ብቻ እንደ አምፖል ቦግ ይላል። የአጥንቱ ጠንካራ ቅርፊት በሁለቱም ጥቁር ነው።

አሁን ወደ ቅልጥሙ ልመለስ። የአዋቂ ሰው የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መቅኔያቸው በአብዛኛው ስብ ነው፣ ስለዚ ቲ ዋን ላይ ጭን አጥንታችሁ ውስጡ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ዕጢ ሲገባ ያንን ስብ አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፣ ነጩ መሃል ላይ ጥቁር ነገር ይታያል፣ ድንበሩም ብዙ ጊዜ ቁልጭ ያለ ነው። ቲ ቱ ላይ ደግሞ ዕጢው ያበራል፣ ግን በዕጢው ዙሪያ ያለው የመቆጣት ውሃም አብሮ ያበራል፣ ስለዚ ቲ ቱ ብቻውን ዕጢውን ከልኩ በላይ አሳብጦ ሊያሳይ ይችላል። የዕጢውን ርዝመት ለመለካት ቲ ዋን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ራጅ ተነስቼ የለ እንዴ? ደግሞ ለምን?

ሁለቱ የተለያየ ስራ ነው የሚሰሩት፣ አንዱ አንዱን አይተካም። እንደውም ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ራጁን ቤት ረስቶ ሲመጣ ራዲዮሎጂስቱ "ራጁ የታለ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ እውነቱንም ነው። አጥንት ላይ ዕጢው ክፉ ነው ወይስ ደህና የሚለውን ለመገመት ርካሹ ራጅ ብዙ ጊዜ ከኤምአርአይ ይሻላል። ቀስ ብሎ ያደገ ነገር አጥንቱ በዙሪያው አጥር ለመስራት ጊዜ አግኝቷል፣ ጠርዙ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። እየተቻኮለ ያደገው ግን አጥንቱን ብል እንደበላው ጋቢ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ ከላይ ያለውን የአጥንት ሽፋንም ገፍቶ ያነሳዋል። ዕጢው ውስጥ ኖራ የመሰለ ነገር ወይ አዲስ አጥንት ካለም ራጅና ሲቲ ናቸው አጥርተው የሚያሳዩት፣ ኤምአርአይ ላይ ያ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ሌሊት ሌሊት የሚያመው፣ አስፕሪን ሲወሰድ የሚለቀው ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የምትባል ትንሽዬ ዕጢ አለች፣ እሷን ለማግኘትም ቀጭን አድርጎ የተነሳ ሲቲ ከኤምአርአይ የተሻለ ነው።

ታዲያ ኤምአርአይ ምኑን ነው የሚለካው?

ያ የ15 ዓመት ልጅ አልጋው ላይ ሲተኛ ያነሳነው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፣ ከዳሌው መገጣጠሚያ እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭኑን በሙሉ ነው። እናትየው "ያበጠው እኮ እዚህ ጋ ነው" ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። እሳቸው ልክ ናቸው፣ ግን እነዚህ ዕጢዎች አንዳንዴ እዛው አጥንት ውስጥ ከዋናው ራቅ ብሎ፣ መሃል ላይ ጤነኛ መቅኔ ትቶ ሌላ ቁራጭ ያስቀምጣሉ። ከውጪ አያብጥም፣ ራጅም ላይ ላይታይ ይችላል። ኤምአርአይ ያንን ካላየ ቀዶ ሐኪሙ ዋናውን አውጥቶ ቁራጩን ትቶት ይወጣል። ስለዚ ሪፖርታችሁ ላይ የተነሳው "ጉልበት" ብቻ ከሆነና የተጠረጠረው የአጥንት ካንሰር ከሆነ፣ ሙሉ አጥንቱ መነሳት ይፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት።

ከዛ ቀጥሎ የሚለኩት ነገሮች እግሩ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚለውን የሚወስኑ ናቸው። ዕጢው መቅኔው ውስጥ ስንት ሴንቲሜትር ወጥቷል፣ ምክንያቱም ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን የሚቆርጠው ከዛ መስመር በላይ ጤነኛ ቦታ ጨምሮ ነው። የአጥንቱን ቅርፊት በስቶ ወደ ጡንቻ ወጥቷል ወይ፣ ከወጣስ የትኞቹ ጡንቻዎች ናቸው። መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ከገባ መገጣጠሚያው ሳይከፈት በሙሉ መውጣት ሊኖርበት ነው። ልጅ ከሆነ አጥንቱ የሚያድግበትን መስመር አልፏል ወይ። በስተመጨረሻ ደግሞ ከጉልበት ኋላ የሚያልፈው ትልቁ ደም ስርና ነርቭ አለ፣ ዕጢው ገፋ አርጎት ብቻ ነው፣ ተጠግቶታል፣ ወይስ ዙሪያውን ከቦታል? በመሃላቸው ስስ የስብ መስመር ካለች ቲ ዋን ላይ ነጭ ክር ሆና ትታያለች፣ ያቺን ክር ራዲዮሎጂስቱ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ሲፈልጋት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ አንዳንዴ የአንድ ሰው እግር በሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ወደ ሳንባ ተሰራጭቷል ወይ የሚለውን ግን የእግር ኤምአርአይ አያውቅም። ሳርኮማ ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ ስለሆነ ለሱ የደረት ሲቲ ለብቻው ይታዘዛል። "ኤምአርአይ ተነስቼ ደሞ ሲቲ?" ብላችሁ የተጭበረበራችሁ አይምሰላችሁ።

አጥንት ላይ ሳይሆን ስጋ ውስጥ ያለ እብጠትስ?

እዚህ ላይ ኤምአርአይ አንዳንዴ ስሙንም ይነግራል። ትከሻ ወይ ጀርባ ላይ የሚወጣው ለስላሳ እብጠት ብዙ ጊዜ ሊፖማ ነው፣ የስብ ቋጠሮ። ምስሉ ላይ ከቆዳ ስር ካለው ስብ ጋር በሁሉም ምስል አንድ አይነት ከሆነ፣ ስብ በሚያጠፋው ዘዴ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ፣ ውስጡ ያሉት ክሮች ቀጭን ከሆኑ በቃ ሊፖማ ነው። ክሮቹ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከወፈሩ ወይም ውስጡ ስብ ያልሆነ ቋጠሮ ካለ ግን ሊፖሳርኮማ እንዳይሆን ይፈራል። የእጅ አንጓ ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ እብጠትም፣ ከጉልበት ኋላ የሚወጣውም በቀላሉ ይለያል።

የቀረው ግን፣ ብዙው ማለት ነው፣ ቲ ዋን ላይ እንደ ጡንቻ ግራጫ ቲ ቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ካንሰሩም ያልሆነውም። በዛ ጊዜ ሐኪሞች የሚያዩት መጠንና ጥልቀት ነው። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ፣ ማለትም ቁመቱ እንቁላል የሚያክል ወይ ከዛ የሚበልጥ፣ ከጡንቻው ሽፋን በታች ጠልቆ የተቀመጠ፣ እያደገ ያለ፣ ይሄ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። አያምም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ይሄንን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል፣ ብዙ የስጋ ሳርኮማ ምንም ሳያም ነው የሚያድገው፣ ሰውም የሚዘገየው "አያመኝም እኮ" እያለ ነው።

ካንሰር መሆኑን ለምን አይነግርም?

ምክንያቱም ኤምአርአይ የሚያየው ውሃና ስብን ነው፣ ሴልን አይደለም። ካንሰር ግን የሴል በሽታ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው። እኛ ሀገር ደግሞ ዕጢ የሚመስል ነገር ብዙ ነው። የአጥንት ኢንፌክሽን ዩዊንግ ሳርኮማን በጣም ይመስላል፣ ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ ሁለቱም መቅኔውን ያጠቁራሉ። የጀርባ አጥንት ቲቢ ከተሰራጨ ካንሰር ጋር ይምታታል። ተመትቶ ጡንቻ ውስጥ የቋጠረ ደም ዕጢ ይመስላል፣ ዕጢም ደም ቋጥሮ የተመታ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዳንድ የአጥንት ዕጢ ውስጡ ደም የሞላበት ክፍልፋይ አለው፣ ታካሚው ጸጥ ብሎ ሲተኛ ደሙ ልክ ተቀድቶ እንደተቀመጠ ጠላ አተላው ወደ ታች ወርዶ ከላይ ቀጭኑ ይቀራል፣ ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰራል። ይሄ መስመር ሲታይ ብዙ ጊዜ ካንሰር ያልሆነ የደም ቋጠሮ ነው፣ ግን አንድ የኦስቲዮሳርኮማ አይነትም ያንኑ መስመር ይሰራል። ያው አተላ፣ ሌላ በሽታ። ቁርጡን የሚለየው ናሙናው ነው።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት ለምን ይነሳል?

ይሄ ቅደም ተከተል ነው በጣም የሚያንገበግበኝ። ራጅ፣ ከዛ ኤምአርአይ፣ ከዛ ባዮፕሲ፣ ናሙና መውሰዱ ማለት ነው። አንዴ ከተወጋ ወይ ከተቆረጠ ቦታው ይደማል፣ ያብጣል፣ ከዛ በኋላ ኤምአርአይ ስናነሳው ዕጢው የቱ ነው የተቆጣው ስጋ የቱ ነው የሚለው ይደባለቃል። ሁለተኛ ምክንያትም አለ፣ ካንሰር ከሆነ መርፌው ያለፈበት መንገድ ራሱ የዕጢ ሴል ሊይዝ ስለሚችል በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ስለዚ መርፌው በየት በኩል ይግባ የሚለውን የሚወስነው መጨረሻ ላይ ቀዶ የሚያደርገው ሐኪም መሆን አለበት፣ ኤምአርአዩን ፊቱ አስቀምጦ።

የራሴ አጎት ጭኑ ውስጥ የነበረበትን እብጠት አንድ ክሊኒክ ውስጥ "ሊፖማ ናት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም" ተብሎ ያለ ምንም ምስል አወጡለት። ውጤቱ ሳርኮማ ሆኖ መጣ። ጥቁር አንበሳ ተልኮ ኤምአርአይ ሲነሳ ምስሉ ላይ የሚታየው የተቆረጠ ጡንቻና የተቋጠረ ፈሳሽ ነው፣ ዕጢው የት ድረስ እንደነበር ማንም ሊያሳየው አልቻለም፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሰፊ ስጋ ይዞ ሄደ። አጎቴ አሁንም እያነከሰ ነው የሚሄደው።

ስለ ማሸትም አንድ ነገር። ወጌሻ በስብራትና በውልቃት ብዙ ሰው ያቃና ባለሙያ ነው፣ ያንን አልክድም። ነገር ግን ያልተመታ ቦታ ላይ የወጣ ወይም ከተመታ በኋላ ሳምንታት አልፎት ያልቀነሰ እብጠት መታሸት የለበትም። ዕጢ ያቀጠነው አጥንት በማሸት ሊሰበር ይችላል፣ ዕጢ ያለበት አጥንት ሲሰበር ደግሞ ደሙ ዕጢውን ይዞ ወደ ጡንቻው ይፈስና እግሩን ማትረፍ በጣም ይከብዳል።

በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት ምንድነው?

ጋዶሊኒየም የሚባል ነገር ነው፣ ኮንትራስት እንለዋለን። ሬዲዮአክቲቭ አይደለም፣ ለሲቲ ከሚሰጠው አዮዲን ያለው ኮንትራስትም የተለየ ነው። ደም የሚደርስበት ቦታ ቲ ዋን ላይ እንዲያበራ ያደርገዋል። ጥቅሙ በተለይ ውሃ የቋጠረውንና ውሃ የመሰለውን መለየት ላይ ነው፣ አንዳንድ ሳርኮማ ቲ ቱ ላይ ልክ እንደ ውሃ ከረጢት ያበራል፣ ኮንትራስት ሲገባ ግን የውሃ ከረጢት ጠርዙ ብቻ ነው የሚበራው፣ ዕጢው ከውስጡ ይበራል። የትኛው የዕጢ ክፍል በህይወት እንዳለና የትኛው እንደሞተም ያሳያል፣ ናሙና የሚወስደው ሐኪም ከሞተው ቦታ ወስዶ ባዶ ውጤት እንዳያመጣ ይጠቅመዋል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ክሬቲኒን ተመርመሩ የምንለው ለዛ ነው፣ እርጉዝ ከሆናችሁም ቀድማችሁ ንገሩን። ለሁሉም ሰው ግን የግድ አይደለም።

ስገባ ምን አውልቄ፣ ምን ተናግሬ?

ማግኔቱ ሁሌም እንደበራ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳን ማንሳቱ ይቆማል እንጂ ማግኔቱ አይጠፋም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ በቀዘቀዘ ሂሊየም ውስጥ የተቀመጠ ነው። ስለዚ "ማሽኑ ጠፍቷል አይደል" ብሎ ስልክ ይዞ መግባት የለም፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የኦክስጅን ሲሊንደርም ተስበው ሰው ሊገድሉ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ማተብ ነው። ክሩ ችግር የለውም፣ አይወልቅም፣ የብረት ወይ የብር መስቀሉ ግን ይወልቃል፣ ያስታመመው ሰው እጅ ላይ ይቆያል። ክታብ ብረት ያለበት ከሆነም እንደዛው። ጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ክር ያለበት ልብስ ሊሞቅ ስለሚችል በኛ ጋውን ይቀየራል፣ የሹሩባ ጌጥና የጸጉር ፒንም ይወጣል። ንቅሳት ካለ ንገሩን፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም፣ ሞቅ ካላችሁ ደወሉን ትጫናላችሁ።

ከምንም በላይ ግን መናገር ያለባችሁ ውስጣችሁ ያለውን ነው። ልብ ላይ የተገጠመ ባትሪ፣ ጭንቅላት ውስጥ የደም ስር ክሊፕ፣ ጆሮ ውስጥ የተተከለ መስሚያ። በያጅ ሆኖ የሰራ ሰው አይኑ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ጦር ሜዳ የነበረ ሰው ፍንጣሪ ካለው። በራጅ አይተን እናረጋግጣለን። ለስብራት የገባ ብረት ብዙውን ጊዜ አይከለክልም፣ አጠገቡ ያለውን ምስል ግን ያበላሸዋል።

ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ድምፁ በር እንደሚደበድብ ሰው ነው፣ የጆሮ መድፈኛ እንሰጣለን። እግር ከሆነ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በእግር በኩል ስለምትገቡ ጭንቅላታችሁ ውጪ ሊቀር ይችላል። ከተንቀሳቀሳችሁ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ያቺ ነጭ የስብ ክር የምትጠፋው እዛ ጋ ነው።

ውጤቱን ስቀበልስ?

ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሲዲውንም ጠይቁ። ፊልሙ ላይ የታተመው ተመርጦ ነው፣ ሲዲው ላይ ያለው ሁሉም ነው፣ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ራሱ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፈ ማየት ይፈልጋል። ሪፖርቱ ላይ "ሃይፐርኢንቴንስ" የሚል ቃል ካያችሁ ያበራል ማለት ብቻ ነው፣ "ሊዥን" ማለት ያልተለመደ ነገር ያለበት ቦታ ማለት ነው፣ "ኤዴማ" የውሃ እብጠት ነው፣ ሦስቱም ካንሰር ማለት አይደሉም።

ኬሞ የተጀመረለት ሰው ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንደገና ይነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ኦስቲዮሳርኮማ ኬሞው ጥሩ ሰርቶለት እንኳን መጠኑ ላይቀንስ ይችላል፣ ዕጢው አጥንት ስለሚሰራ ሴሉ ሲሞት አጥንቱ ባለበት ይቀራል። ስለዚ የሚታየው በዙሪያው ያለው ውሃ ቀነሰ ወይ፣ ጠርዙ ጠራ ወይ፣ በኮንትራስት የሚያበራው ክፍል አነሰ ወይ ነው። ስንቱ ሴል እንደሞተ በትክክል የሚታወቀው ዕጢው ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ነው።

ያ ልጅ ባዮፕሲው ኦስቲዮሳርኮማ ሆኖ ኬሞውን ጀምሮ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ጸጉሩ ረግፏል፣ ኮፍያ አድርጓል። እናትየው ያንኑ ትልቅ ፖስታ ይዘዋል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ በፕላስቲክ ጠቅልለውታል። ገና ቁጭ ሳይሉ "የበፊቱን ሲዲም ፊልሙንም አምጥቻለሁ ልጄ፣ ጎን ለጎን አድርገው ያዩታል አይደል? ደም ስሩ ጋ ያለችው ነገር አለች ወይ በልልኝ" አሉኝ። ሲዲውን ተቀብዬ ለራዲዮሎጂስቱ አስገባሁለት፣ ልጁ መስቀሉን ከማተቡ ላይ ፈትቶ እናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ።